ከፍርድ ቤት የተወሰዱት የኡጋንዳ ዋና ዳኛ

እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1972 የታጠቁ ሰዎች በካምፓላ ከተማ ወደሚገኘው የኡጋንዳ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዘልቀው በመግባት የአገሪቱን ዋና ዳኛ ቤኔዲክቶ ኪዋኑካን ይዘው ወጡ። ዋና ዳኛው ከዚያን ዕለት ወዲህ ወደ ሥራቸውም ሆነ ወደ ቤተሰባቸው አልተመለሱም። ዕድሜያቸው 50 ዓመት ነበር።

ኪዋኑካ እ.ኤ.አ በ1922 በቡጋንዳ የተወለዱ ሲሆን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በእንግሊዝ የቅኝ ግዛት ጦር ውስጥ አገልግለዋል። ከጦርነቱ በኋላ በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ሠርተዋል። ቀጥሎም በዛሬዋ ሌሶቶና በለንደን ተምረው እ.ኤ.አ በ1956 የሕግ ባለሙያ ሆነው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

እ.ኤ.አ በ1958 የዴሞክራቲክ ፓርቲ መሪ፣ በማርች 1962 ደግሞ ኡጋንዳ የውስጥ አስተዳደር ነጻነቷን ስታገኝ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በቀጣዩ ወር በተካሄደው ምርጫ በመሸነፋቸው ሥልጣኑን ለሚልተን ኦቦቴ አስረክበው በተቃዋሚነት ቆዩ። እ.ኤ.አ በ1969 በኦቦቴ መንግሥት ታሰሩ።

ጄኔራል ኢዲ አሚን እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 1971 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ሲይዙ ኪዋኑካን ከእስር ፈቱ። በዚያው ዓመትም ዋና ዳኛ አድርገው ሾሟቸው፤ በቦታው የተቀመጡ የመጀመሪያው ኡጋንዳዊ እርሳቸው ናቸው። ከእስር የፈታቸውም፣ በወንበሩ ያስቀመጣቸውም አንድ ሰው በመሆኑ ዳኛው ለሕግ ይታመናሉ ወይስ ውለታ ይመልሳሉ የሚለው ጥያቄ ከሹመቱ ጋር አብሮ የመጣ ነበር።

ወታደሮች ሰዎችን እንዲይዙ ሥልጣን የሚሰጥ አዋጅ በ1971 መውጣቱ የፍርድ ቤቶችን ሥራ አዳጋች አደረገው። በሚቀጥለው ዓመት መንግሥት የእስያ ተወላጆች ከአገር እንዲወጡ አዘዘ፤ ከብሪታኒያ ጋር የነበረው ግንኙነትም ሻከረ። በሴፕቴምበር 1972 የኦቦቴ ደጋፊዎች ከታንዛኒያ ተነስተው ጥቃት በመሰንዘራቸው የጦሩ ጥርጣሬና ቁጣ በረታ።

በጦሩ ተይዞ የነበረ የአንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለዋና ዳኛው የቀረበው በዚሁ ወቅት ነው። አቤቱታ የቀረበለት ሰው የባዕድ አገር ዜጋ፣ ያሰረውም ጦሩ ነበር። ይህን የመሰለው አቤቱታ የሚጠይቀው አሳሪው የያዘበትን ሕጋዊ ሥልጣን እንዲያስረዳ ነው። ኪዋኑካ እስሩ ሕጋዊ አለመሆኑን ወስነው ሰውየው እንዲለቀቅ አዘዙ። ብዙም ሳይቆዩ ራሳቸው ተወሰዱ። የአሚን መንግሥት ለድርጊቱ ኃላፊነት አልወሰደም።

የዋና ዳኛው መሰወር በሌሎች ዳኞች ላይ ያሳደረው ፍርሃት ከባድ ነበር። እ.ኤ.አ ከ1973 ጀምሮ ወታደራዊ ችሎቶች ሲቪሎችን እንዲዳኙ በአዋጅ በመፈቀዱ የመደበኛ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ይበልጥ ጠበበ። የአሚን አገዛዝ የተገረሰሰው በ1979 ነው።

በ1995 የጸደቀው የኡጋንዳ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቶች ከማንኛውም ሰው ወይም አካል ቁጥጥርና ትዕዛዝ ነጻ መሆናቸውን ደንግጓል። የአገሪቱ የዳኝነት አካልም ከ2018 ጀምሮ በኪዋኑካ ስም የመታሰቢያ ንግግር ያካሂዳል።

ኪዋኑካ በመጨረሻ የሰጡት ትዕዛዝ አዲስ ሕግ የፈጠረ አልነበረም፤ ማንኛውም ዳኛ በየዕለቱ የሚሠራው ሥራ ነው። ለዚህ ተራ ሥራ ሕይወት የተከፈለበት ምክንያት አስፈጻሚው አካል የፍርድ ቤትን ትዕዛዝ የመፈጸም ግዴታውን በመተዉ ነው። የዳኛ ነጻነት በዳኛው ጽናት ብቻ እንደማይጠበቅ፣ ትዕዛዙን ተቀብሎ የሚፈጽም ባለሥልጣንም እንደሚያስፈልገው የእርሳቸው ሕይወት ያስረዳል።