ከምርኮኛነት ወደ ጵጵስና፦ የፍሬምናጦስ ሕይወት

በአሰላው ድንኳናችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ስለሚቀመጥ ይህችን ጽሑፍ የምናቀርበው ለስብከት ሳይሆን ለታሪክነቷ ነው።

በጥንቱ የሮማ ግዛት ክርስትናን አስቀድመው ከተቀበሉት መካከል ባለሀብትም ባሪያም፣ የእጅ ባለሙያም ነበሩበት፤ ሹማምንት ግን ጥቂቶች ነበሩ። መቼም ዕድር የኛ ብቻ ይመስለናል እንጂ፣ በዚያው አገር ላኑቪዩም በምትባል ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ136 ዓ.ም. የቀብር ማኅበር ነበረ። ባሪያም አባል ይሆናል፤ ነጻ የወጣ ዕለት አንድ እንስራ ጥሩ ወይን ለማኅበሩ ያገባል። ክርስቲያኖቹ ደግሞ በበኩላቸው ከወር መዋጯቸው ድሃ ይቀብሩ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመጣ ግን ሃይማኖቱ የገባው በቤተ መንግሥት በር ነው። ያስገባው ደግሞ ምርኮኛ!

ፍሬምናጦስ የጢሮስ ልጅ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት ከወንድሙ ከኤድስዮስ ጋር ሜሮጵዮስ የተባለውን መምህር ተከትሎ በቀይ ባሕር ሲጓዝ፣ መርከባቸው ስንቅ ለመያዝ ወደብ ላይ ብትቆም የአገሩ ሰዎች ከሮማ ጋር በነበረው ጠብ ተሳፋሪውን ፈጁት። ሁለቱን ልጆች ግን ዛፍ ሥር ትምህርታቸውን ሲያጠኑ አግኝተው ስላዘኑላቸው ለአክሱም ንጉሥ ሰጧቸው። ኤድስዮስ የመጠጥ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስ ደግሞ ሂሳብና መዝገብ ያዥ ሆነ። እንግዲህ መዝገብና ገንዘብ ለምን ዓይነት ሰው እንደሚሰጥ ዕድርተኛ ያውቀዋል።

ንጉሡ ሲሞት ነጻ አወጣቸው። ንግሥቲቱ ግን ልጇ እስኪያድግ መንግሥቱን እንዲያግዟት ለመነቻቸው፤ ቆዩ። ፍሬምናጦስም ለንግድ የመጡትን ክርስቲያኖች እያፈላለገ የጸሎት ቦታ አሰጣቸው። እነዚህ በሰው አገር ያሉ እንግዶች ናቸው፤ ከየአገሩ መጥተን አሰላ ላይ የከተምን ሰዎች፣ ዘመድ በሌለበት መሰባሰቢያ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋንም።

ልጁ ሲያድግ ኤድስዮስ ጢሮስ ገባ፤ የወላጅ ናፍቆት ነውና አንፈርድበትም። ፍሬምናጦስ ግን አገሩን ትቶ እስክንድርያ ወረደና ለአክሱም ጳጳስ ይላክ ብሎ አትናቴዎስን ለመነ። አትናቴዎስም ሌላ ሰው ከሚፈልግ ራሱን ሾሞ መለሰው። ከዚህ ወዲያ እኛም አንቱ ልንላቸው ይገባል።

ንጉሥ ኢዛና በገንዘቡ ላይ የነበረውን የጨረቃ ምልክት በመስቀል ለወጠ። ባላገሩ ጋ ለመድረስ ግን ዘጠኙ ቅዱሳን እስኪመጡ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። በ350ዎቹ የሮማው ቄሣር ቆስጠንጥዮስ፣ በሃይማኖት ክርክር ምክንያት፣ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ይመለሱ ብሎ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ጽፎ ነበር። ዛፍ ሥር የተገኘው ልጅ ቄሣርና ንጉሥ የሚጻጻፉበት ሰው ሆኖ አረፈው! ቤተ ክርስቲያን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብላ ሐምሌ 26 ታስባቸዋለች።