ሳይሰሙ የማይፈርዱት ንጉሥ

በዚህ እትም የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ክበባችን ሲያዘኝ ማንን ልጻፍ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ብዙ ልጆች ስለ ጦር ጀግና ነው የሚጽፉት። እኔ ግን በማስተዋልና በርኅራኄ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሳውን የአክሱም ንጉሥ መረጥኩ። ለምን እንደመረጥኳቸው መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

እኚህ ንጉሥ በእኛ አገር ታሪክ አርማህ፣ በእስልምና ታሪክ ደግሞ አስሐማ ወይም ነጃሺ ይባላሉ። ነጃሺ ማለት ያው ንጉሥ ማለት ነው፤ የእኛው ቃል በዓረብኛ አፍ ሲጠራ እንደዚያ ሆነ። የኖሩት የዛሬ 1400 ዓመት ገደማ ነው። ያኔ አክሱም ከንጉሥ ኢዛና ዘመን ጀምራ ክርስቲያን የሆነች ትልቅ መንግሥት ነበረች።

በእስልምና ታሪክ እንደተጻፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ615 ዓ.ም. የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች በመካ ይደበደቡና ይንገላቱ ነበር። ነቢዩም በሐበሻ ምድር ሰው የማይበደልበት ንጉሥ እንዳለ ነግረው ወደዚያ እንዲሰደዱ መከሯቸው። መጀመሪያ ጥቂት ወንዶችና 4 ሴቶች ቀይ ባሕርን ተሻገሩ። ከዚያ ሌሎች ተከተሉ፤ ወንዶቹ ብቻ ከ80 በለጡ። ንጉሡም ተቀበሏቸው።

የመካ ባለሥልጣኖች ግን አልተዋቸውም። አምር ኢብን አል-ዓስ የሚባል ብልህ ሰው ከአንድ ጓደኛው ጋር ጥሩ ጥሩ ቆዳ እጅ መንሻ ይዘው መጡ። ብልጠታቸውን ተመልከቱ! ንጉሡ ጋ ከመግባታቸው በፊት ለእያንዳንዱ ሹም ስጦታ ሰጡ። ሹሞቹም ስጦታውን ተቀብለው ስደተኞቹ ምንም ሳይጠየቁ ተላልፈው እንዲሰጡ ንጉሡን መከሩ። ንጉሡ ተቆጡ። ከሌላ አገር ሁሉ የሳቸውን አገር መርጠው የመጡ ሰዎችን፣ ቃላቸውን ሳይሰሙ አሳልፈው እንደማይሰጡ ተናገሩ።

ስደተኞቹ ተጠሩ። ጃዕፈር የሚባለው የነቢዩ የአጎት ልጅ ተነስቶ ተናገረ። ድሮ ጉልበተኛው ደካማውን ይበላ እንደነበር፣ አሁን ግን እውነት መናገርንና ጎረቤትን ማክበርን እንደተማሩ አስረዳ። ንጉሡ ከመጽሐፋቸው እንዲያነብላቸው ጠየቁት። ስለ ማርያም የሚናገረውን ምዕራፍ ሲሰሙ ጺማቸው እስኪርስ አለቀሱ ይባላል።

በማግስቱ አምር ሌላ ክስ ይዞ ተመለሰ። ስደተኞቹ ስለ ኢየሱስ የማይሆን ነገር ይናገራሉ ብሎ ከሰሰ። ይሄ እንግዲህ ለክርስቲያን ንጉሥ የሚያናድድ ክስ ነው። እሳቸው ግን በንዴት አልፈረዱም። እንደገና አስጠርተው ሰሟቸው። ከዚያም በአገራቸው በሰላም እንዲኖሩ ፈቀዱ፤ እጅ መንሻውም ለባለቤቶቹ እንዲመለስ አዘዙ። ከስደተኞቹ አንዳንዶቹ ከ10 ዓመት በላይ እዚሁ ኖረዋል። ንጉሡ በ630 ዓ.ም. ሲሞቱ ነቢዩ መዲና ሆነው ሶላት ሰገዱላቸው። ስማቸው የሚነሳበት የነጋሽ መስጊድ ከእኛ ከቆቦ በአላማጣ፣ በማይጨውና በመቀሌ አልፎ ከውቅሮ ወደ ሰሜን ትንሽ ሲሄዱ ይገኛል።

አሁን ለምን እንደመረጥኳቸው ልናገር። እኔ የክፍል አለቃ ነኝ። በኅዳር ወር የአንዱ ጓደኛዬ ኮምፓስ ጠፋ። ጓደኞቼ በእረፍት ሰዓት ጥንቅሽ ሰጡኝና የወሰደው ከደጋው የመጣው አዲሱ ልጅ ነው አሉኝ። አባቱ በመስኖው ሽንኩርት ላይ የቀን ሥራ ነው የሚሠሩት። እኔም ጥንቅሹን እየመጠጥኩ ልጁን አንዲት ቃል ሳልጠይቀው ስሙን ጽፌ ለስም ጠሪያችን ሰጠሁ። ልጁ ወላጅ አምጣ ተባለ። አባቱ አንድ ቀን ከሥራ ከቀሩ የዚያን ቀን ገንዘብ የለም። ስለዚህ ልጁ 3 ቀን ሳይመጣ ቀረ። በአራተኛው ቀን ኮምፓሱ በጓደኛዬ እህት ቦርሳ ውስጥ ተገኘ።

ማታ ለእናቴ ስነግራት አልመታችኝም። በጦርነቱ ጊዜ ከቆቦ ወጥተን ደሴ ስንገባ የማያውቁን ሰዎች በራቸውን እንደከፈቱልን ብቻ አስታወሰችኝ። እኛ ክርስቲያን ነን፣ እነሱ ሙስሊም ናቸው። የማን ልጆች እንደሆንን ሳይጠይቁ መጀመሪያ ያቀረቡልን እንጀራ ነው። እኔ ያን እንጀራ በልቼ ነው አዲሱን ልጅ እንዲህ ያደረግሁት። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አያቴ እንደነገሩኝ እዚህ ራያ ደም ለማድረቅ ዘወልድ ሲቀመጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ሽማግሌዎች አብረው ነው የሚቀመጡት። ቸኩለው አይፈርዱም፤ የሁለቱንም ወገን ይሰማሉ። ንጉሡም ያደረጉት ይሄንኑ ነው። ማስተዋል ማለት ሲነግሩን ቶሎ አለማመን፣ ስንናደድም ትንሽ ቆም ማለት ይመስለኛል። ርኅራኄ ደግሞ በዚያ ሰው ቦታ ብሆንስ ብሎ ማሰብ ነው። ሁለቱ ካሉን ክፍላችንም፣ ሰፈራችንም፣ አገራችንም ብልህ ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ ስም ከመጻፌ በፊት የተከሰሰውን ልጅ ጠርቼ እጠይቃለሁ። ጥንቅሽም ከከሳሽ አልቀበልም። የአዲሱን ልጅ ስም እዚህ አልጽፍም፤ ግን ይሄን ሲያነብ እሱ መሆኑን ያውቃል። ለብቻው ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ስሙን ያጠፋሁት ግን በሁሉም ፊት ስለሆነ በሁሉም ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

በሉ እንግዲህ፣ በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።