ኢብን ሲናና የመድኃኒት ሚዛን

በረመዷን ወር ወደ ጌታቸው ከሄዱት ሊቃውንት አንዱ ሐኪሙ አቡ ዐሊ ኢብን ሲና ናቸው። በ370 ዓመተ ሂጅራ (980 እ.ኤ.አ.) በቡኻራ አቅራቢያ በምትገኘው አፍሸና መንደር ተወለዱ። በአሥር ዓመታቸው ቁርኣንን ተምረው ጨረሱ። ገና በወጣትነታቸው የቡኻራውን ገዥ ኑሕ ኢብን መንሱርን ካከሙት ሐኪሞች ጋር ተሰለፉ፤ በዚህም የቤተ መንግሥቱ መጻሕፍት ተከፈቱላቸው። ጥያቄ ሲከብዳቸው መስጂድ ገብተው ይሰግዱ፣ አላህ እንዲገልጥላቸውም ይለምኑ ነበር።

አል-ቃኑን የተባለው የሕክምና መጽሐፋቸው አምስት ክፍሎች አሉት፤ ሁለተኛው ስለ ነጠላ መድኃኒቶች ነው፤ አብዛኞቹም ዕፅዋት ናቸው። ሕመምን የማስታገሻ መንገዶችን በሦስት ለይተዋል፤ መንስኤውን ማከም፣ ሕመሙን ማለዘብና ማደንዘዝ። ከማደንዘዣዎቹ ሁሉ ብርቱ ያሉት አፍዩንን፣ ማለትም ከፖፒ ተክል ፈሳሽ የሚገኘውን ኦፒየም ነው። ይሁንና ማደንዘዣ ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ መንስኤውን አይነቅልም። ስለዚህ ሐኪሙ የሕመሙንና የመድኃኒቱን ጉዳት መዝኖ ቀላሉን እንዲመርጥ አስተማሩ።

መጽሐፉ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ ለዘመናት አገለገለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመናዊው ፋርማሲስት ሰርቱርነር ከኦፒየም ውስጥ ሞርፊንን ለይቶ አወጣ። ሆስፒታሎች ዛሬም ለከባድ ሕመም ይሰጡታል፤ በልክና በሐኪም ትእዛዝ።

ኢብን ሲና ራሳቸው በመጨረሻ በብርቱ የሆድ ቁርጠት ተያዙ። ተማሪያቸው አል-ጁዝጃኒ እንደዘገበው፣ ከመድኃኒታቸው ጋር ሁለት ዳኒቅ፣ ማለትም የአንድ ድርሃም ሲሶ፣ የሰለሪ ዘር እንዲጨመር አዘዙ። የሚያክማቸው ሰው ግን አምስት ድርሃም ጨመረ፤ ከታዘዘው አሥራ አምስት እጥፍ መሆኑ ነው። ሆን ብሎ ይሁን ተሳስቶ አልታወቀም፤ ሕመማቸው ግን ባሰ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ገንዘባቸውን የሰረቁ አገልጋዮች ጥፋታቸው እንዳይጋለጥ ፈርተው ከመድኃኒታቸው ውስጥ ብዙ አፍዩን ጨመሩበት።

ሞታቸው መቃረቡን ባወቁ ጊዜ ሕክምናውን ተዉ። ተውበት አደረጉ፣ ገንዘባቸውን ለድሆች ሰደቃ ሰጡ፣ የበደሏቸውን ካሱ፣ ባሮቻቸውን ነጻ አወጡ። በየሦስት ቀኑም ቁርኣንን ያኸትሙ ነበር። በ428 ዓመተ ሂጅራ (1037 እ.ኤ.አ.) በረመዷን ወር ሐመዳን ከተማ ውስጥ ዐረፉ፤ መቃብራቸውም እዚያው ነው።

ተክል ሁሉ አይጎዳም ብለን ያለ ልክ ለምንወስድና ለልጆቻችንም ለምንሰጥ፣ የእኝህ ሐኪም ሕይወት ትምህርት አለው። አላህ በቅጠልና በሥር ውስጥ ፈውስ አኑሯል፤ ልኩን መጠበቅ ግን በእኛ ላይ የተጣለ አማና ነው። አላህ ይዘንላቸው፤ ሕመምተኞቻችንንም ያሽርልን። አሚን።