መነኩሴው ያለ ማስረጃ የተዉት ቁጥር

ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው ደብዳቤ የሚያቀባብልለት ወዳጅ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ለእናንተ መንገር አያሻንም። ዛሬ የምናወሳቸው ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሴን ይህን አገልግሎት ለአውሮፓ ሊቃውንት ያበረከቱ ሰው ናቸው።

መርሴን እ.ኤ.አ. በ1588 ኦይዜ በምትባል መንደር ተወለዱ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በላ ፍሌሽ የኢየሱሳውያን ኮሌጅ ተምረው በ1611 የሚኒም መነኮሳትን ማኅበር ተቀላቀሉ። ከ1619 ጀምሮ መኖሪያቸው ፓሪስ ሆነ።

በዚያን ጊዜ የሳይንስ መጽሔት የሚባል ነገር ስላልነበረ፣ የእርሳቸው በኣት የሊቃውንት ፖስታ ቤት ነበረች። ዴካርት በሆላንድ አድራሻውን ደብቆ ሲኖር ደብዳቤውን ያደርሱለት ነበር። ሆብስ በ1640 ከእንግሊዝ ሸሽቶ ፓሪስ ሲገባ ከጉባኤያቸው ተቀላቀለ። ጋሊሊዮ በ1633 ሮማ ላይ ከተፈረደበት በኋላም፣ በ1634 ስለ መካኒክስ የጻፈውን በፈረንሳይኛ አሳተሙለት።

ስማቸውን እስከ ዛሬ የሚያስጠራው ግን ቁጥር ነው። ከ1 የሚበልጥ፣ ከ1ና ከራሱ በቀር በሌላ ቁጥር እኩል የማይካፈል ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ወይም ፕራይም ይባላል። ሦስት ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ 7 ይገኛል፤ አምስት ሁለቶች ደግሞ 31 ይሰጣሉ። ሁለቱም ብቸኛ ናቸው። አሥራ አንድ ሁለቶች ግን 2047 ይሰጣሉ፤ እርሱም የ23 እና የ89 ብዜት ነው። ታዲያ የትኞቹ ይሠራሉ? መርሴን በ1644 ባሳተሙት መጽሐፍ እስከ 257 ድረስ የሚሠሩት 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ብቻ ናቸው አሉ። ማስረጃ ግን አላቀረቡም። በ1648 አረፉ።

ምርመራው ከ250 ዓመት በላይ ፈጀ። ኦይለር በ1772 31 ትክክል መሆኑን አረጋገጠ። ፈረንሳዊው ሉካ በ1876 ባለ 39 አኃዙን የ127 ውጤት ብቸኛ መሆኑን አስመሰከረ፤ እስከ 1951 ድረስም ከእርሱ የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር አልታወቀም። በዚያው ዓመት ግን 67 እንደማይሠራ አሳየ። አሜሪካዊው ኮል በ1903 አካፋዮቹን አወጣቸው፦ 193707721 እና 761838257287። 257ም ወደቀ። በዝርዝሩ ያልነበረውን 61 ፔርቩሺን የተባሉ ሩሲያዊ ቄስ በ1883 አገኙት፤ 89 እና 107 ኋላ ተጨመሩ። በጠቅላላው አምስት ስሕተት መሆኑ ነው።

የመርሴን ትልቅ ስም 67ን አላዳነውም። ያረሟቸውም ሰዎች ስማቸውን አልፋቁም፤ እነዚህ ቁጥሮች ዛሬም የመርሴን ቁጥሮች ይባላሉ። በጥቅምት 2024 የተገኘው 41,024,320 አኃዝ ያለው ብቸኛ ቁጥር ከዚሁ ወገን ነው፤ ያገኙትም በየአገሩ ሆነው ኮምፒዩተራቸውን ያስተባበሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እኛም በየስብሰባው አኃዝ የምንደረድር ሰዎች፣ የምናከብረው ሰው ቁጥር ሲጠራልን ከማጨብጨባችን በፊት ስሌቱን እንጠይቅ እንላለን።