ጄራልድ ፊንዚ፦ የተረሱ ዜማዎችን ሲታደግ ዕድሜ ያጠረው ሙዚቀኛ

በታኅሣሥ 1940 (እአአ) ብሪታኒያ በጀርመን የአየር ድብደባ ስትናወጥ፣ በደቡብ እንግሊዝ ኒውበሪ አካባቢ አንድ አነስተኛ ኦርኬስትራ ተመሠረተ። ጥሩምባም ሆነ ከበሮ አልነበረውም፤ የባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ ስብስብ ነበር። ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ሙዚቃን መተዳደሪያቸው ያላደረጉ የአካባቢው ነዋሪዎች ሲሆኑ፣ መድረካቸውም የገጠር አብያተ ክርስቲያናትና ትምህርት ቤቶች ነበሩ።

መሥራቹ ጄራልድ ፊንዚ ነው። በ1901 ለንደን ውስጥ ከአይሁዳውያን ዝርያ የተወለደው ፊንዚ፣ ስምንት ዓመት ሳይሞላው አባቱን አጣ። ሦስት ወንድሞቹን ሞት ነጠቀው። የመጀመሪያ የሙዚቃ መምህሩ ኧርነስት ፋራርም የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሁለት ወር ሲቀረው በጦር ግንባር ወደቀ። ጊዜ አጭር ናት የሚለው ስጋት ፊንዚን ገና በልጅነቱ ነው የያዘው።

ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀው ምናልባት ለአንድ ድምፃዊና ለባለ አውታር ኦርኬስትራ የጻፈው 'ዲየስ ናታሊስ' ነው። ትርጉሙ የልደት ቀን ማለት ሲሆን፣ ዓለምን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሕፃን ስለሚሰማው ግርምት ይተርካል። ቃላቱ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊ የቶማስ ትራኸርን ናቸው፤ የእርሱም ጽሑፎች ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል ተረስተው ቆይተው ለንደን ውስጥ ከአሮጌ መጻሕፍት መሸጫ የተገኙ ናቸው። ሥራው በመስከረም 1939 በሄርፎርድ ፌስቲቫል ሊቀርብ ታቅዶ ጦርነቱ አስቀረው። ለሕዝብ የቀረበው በጥር 1940 ለንደን ውስጥ ነበር።

ፊንዚ የሚጠፋ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም ነበር። በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል የሞተውን የአይቨር ገርኒን መዝሙሮች ከባለቤቱ ከጆይ ጋር ሆኖ አሰባስቦ እንዲታተሙ ደከመ። ዊሊያም ቦይስንና ጆን ስታንሊን የመሰሉ የ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛውያን ሥራዎችን እየፈለገ በኦርኬስትራው አስደመጠ። በአሽማንስወርዝ መንደር ባለው የአትክልት ስፍራውም ሊጠፉ የተቃረቡ የፖም ዝርያዎችን ያለማ ነበር። በጦርነቱ ዓመታት ቤቱ ለስደተኞች ክፍት ነበር።

ይህ ሁሉ ለራሱ ድርሰት የሚሆነውን ጊዜ ሻማበት። ለባለ አውታር ኦርኬስትራ ብቻ የጻፋቸው ቁርጥራጮች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ በ1928 የጀመረው 'ሮማንስ' እንኳ ለመድረክ የበቃው በ1951 ነው።

በዚያው ዓመት ሐኪሞች ሆጅኪን የተሰኘው የደም ካንሰር እንዳለበትና ቢበዛ አሥር ዓመት እንደሚኖር ነገሩት። በሽታውን ከብዙ ሰው ደብቆ ሥራውን ቀጠለ። በ1956 ከወዳጁ ከራልፍ ቮን ዊሊያምስ ጋር በግሎስተር አቅራቢያ ወደሚገኝ ኮረብታ ወጣ፤ በወጣትነቱ የአዲስ ዓመት ደወል የሰማበት ስፍራ ነው። በዚያ ከሕፃን ልጅ ጉድፍ ተጋባበት። የተዳከመው ሰውነቱ አልቻለውም። የቼሎ ኮንቸርቶው በሬዲዮ በተሰራጨ ማግሥት፣ መስከረም 27፣ በ55 ዓመቱ አረፈ።

ኦርኬስትራውን ልጁ ክሪስቶፈር ተረከበው። ዛሬ በሬዲዮ አዘውትሮ የሚሰማው፣ ለፒያኖና ለባለ አውታር የተጻፈው 'ኤክሎግ'፣ ካልተጠናቀቀ ኮንቸርቶ የተረፈ ክፍል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተደመጠው በጥር 1957 በመታሰቢያው ዝግጅት ላይ ሲሆን፣ ስሙን ያወጡለትም ሌሎች ናቸው።