ማይክል ፋራዴይና ኮንደንሰር

በትምህርት ቤታችን በዓል መጽሔት የማይክል ፋራዴይን ሕይወት ባጭሩ ልንጽፍ ወደድን፤ በራዲዮና በድምፅ ማጉያ ውስጥ ያለው የኮንደንሰር መለኪያ ፋራድ ተብሎ በስሙ ይጠራልና።

ፋራዴይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1791 ዓ.ም. በለንደን አጠገብ ከብረት ሠሪ አባት ተወለደ። ቤተ ሰቡ ድኻ ስለ ነበረ፥ ትምህርቱ ከማንበብ፥ ከመጻፍና ከሒሳብ መጀመሪያ አላለፈም። በ14 ዓመቱ መጻሕፍት ጠራዥ ዘንድ ገብቶ፥ የሚጠርዘውን ሁሉ ያነብ ጀመር። በ1812 የሊቁን የሃምፍሪ ዴቪን ትምህርት ሰምቶ፥ የጻፈውን ማስታወሻ ጠርዞ ላከለት፤ በ1813 ረዳቱ ሆኖ ተቀጠረ።

በ1837 ሁለት እኩል መሣሪያዎች አሠራ። በያንዳንዱ ውስጥ የናስ ኳስ በሌላ ባዶ የናስ ኳስ ውስጥ ሳይነካካ ተቀምጦ ነበር። በአንዱ መካከል አየር ብቻ ትቶ፥ በሌላው ድኝ ቢጨምርበት፥ ድኝ ያለበት የበለጠ ኤሌክትሪክ ያዘ። ስለዚህ በመካከል ያለው ነገር መከልከል ብቻ ሳይሆን ሥራም እንዳለው አስረዳ።

ዛሬም ለድምፅ መሣሪያ ኮንደንሰር ስንመርጥ የምንመለከተው ይህንኑ ነው። ድምፅ በሚያልፍበት መንገድ የፕላስቲክ ፊልም ያለበት ይመረጣል፤ አንዳንድ የሴራሚክ ዓይነቶች ግን ቮልቴጅ ሲለዋወጥ መጠናቸው ስለሚለዋወጥ ድምፁን ያበላሻሉ። ኤሌክትሮሊቲኩ በትንሽ ስፍራ ብዙ ስለሚይዝ፥ ኃይል ለሚሰጠው ክፍል ይስማማል።

ፋራዴይ የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንትነት ቢቀርብለት አልቀበልም ብሎ፥ በ1867 ዐረፈ። እኛም ተማሪዎች፥ ድኽነት ለትጉህ ሰው የዕውቀትን በር እንደማይዘጋ ከሕይወቱ እንማር።