ጆርጅ ሙለር፦ የ10 ሺህ ልጆች አባት እና የማለዳ ቀጠሮው

ልጁ ገና 10 ዓመት ሳይሞላው ሌብነት ጀምሯል። አባቱ የፕሩሺያ መንግሥት ግብር ሰብሳቢ ነበሩ፤ ስለዚህ ከቤት የሚሰርቀው ገንዘብ የመንግሥት ነው። አባትየው አንድ ቀን ነቄ አሉና ገንዘቡን ቆጥረው እሱ ባለበት ክፍል ትተው ወጡ። ልጁም የተወሰነውን አንስቶ ጫማው ውስጥ ደበቀ። ወዲያው ተፈተሸ፣ ተያዘ።

ቅጣቱ ግን አላስተማረውም። 14 ዓመቱ ላይ እናቱ ሊሞቱ ሲያጣጥሩ እሱ መታመማቸውን እንኳ ሳያውቅ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ካርታ ሲጫወት ነበር። 16 ዓመቱ ላይ ደሞ ሆቴል አርፎ፣ ተዝናንቶ፣ ሒሳብ ሳይከፍል ሊጠፋ ሲል ተይዞ ከ3 ሳምንት በላይ ታሰረ።

ይሄ ወጣት ነው እንግዲህ በኋላ ከ10 ሺህ በላይ ወላጅ አልባ ልጆችን ያሳደገው ጆርጅ ሙለር።

ሙለር የተወለደው እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 1805 ዛሬ ጀርመን በሚባለው አገር ነው። አባቱ ቄስ እንዲሆን ይፈልጉ ነበር፤ ለእግዚአብሔር ብለው ሳይሆን የተደላደለ ኑሮ ስላለው ነው። ልጁም ሐሌ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነገረ መለኮት መማር ጀመረ። በወቅቱ መጽሐፍ ቅዱስ እንኳ አልነበረውም! የነገረ መለኮት ተማሪ ነው እኮ።

በ1825 ኅዳር ወር አንድ ጓደኛው ቅዳሜ ማታ በአንድ ነጋዴ ቤት ወደሚደረግ የጸሎት ስብሰባ ወሰደው። እዚያ አንድ ሰው ተንበርክኮ ሲጸልይ አየ። ሙለር በሕይወቱ ሰው ተንበርክኮ ሲጸልይ አይቶ አያውቅም ነበር። ስብከቱ ሳይሆን ያ ጉልበት ነው የነካው። ከዚያች ማታ በኋላ ሕይወቱ አቅጣጫ ቀየረ።

በ1829 ወደ እንግሊዝ ሄደ። በቀጣዩ ዓመት ቲንማውዝ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አገልጋይ ሆነ፣ ሜሪ ግሮቭስን አገባ፣ ብዙም ሳይቆይ ደሞዙን ተወ። ለምን ቢባል፣ ደሞዙ የሚከፈለው ከመቀመጫ ኪራይ ነበር፤ ሀብታሙ ጥሩ ቦታ ይከራያል፣ ድሃው ጥግ ላይ ይቀመጣል። ይሄ አልተዋጠለትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚያስፈልገው ነገር ሰውን ላለመጠየቅና ለእግዚአብሔር ብቻ ለመንገር ከሚስቱ ጋር ተስማማ። አዲስ ተጋቢዎች ናቸው፤ የሜሪ ልብ ከሱ አያንስም።

በ1832 ወደ ብሪስቶል ተዛወሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ከተማዋን ኮሌራ ይጨርሳት ጀመር። ጎዳናው ወላጅ ባጡ ልጆች ተሞላ። ሙለር በዓመታት ውስጥ ያሰላሰለው ሐሳብ በ1836 ማሳደጊያ ወደ መክፈት አደረሰው። እዚህ ጋ አንድ የሚያስቅም የሚያስደንቅም ነገር አለ። ለቤቱ ጸልዮ ነበር፤ አገኘ። ለገንዘቡ ጸለየ፤ መጣ። ለሠራተኞች፣ ለአልጋ፣ ለሳህን ሳይቀር ጸለየ፤ ሁሉም ተሟላ። የልጆች ምዝገባ ቀን ደርሶ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። አንድም ሰው አልመጣም። ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው የገባው፤ ለሁሉም ነገር ሲጸልይ ልጆቹ እንዲመጡ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጸለየም። ያን ማታ ተንበረከከ። በማግስቱ የመጀመሪያው ማመልከቻ መጣ፤ ያ ወር ሳያልቅ ከ40 በላይ ሆኑ።

ሰው ይህን ሲሰማ ሙለር ጸልዮ ገንዘብ የሚያወርድ ተአምረኛ ይመስለዋል። እኔ ግን የሱን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ትኩረቴን የሚስበው ሌላ ነገር ነው፤ በ1841 የሆነው።

በዚያን ጊዜ ወደ 100 የሚጠጉ ልጆች በእጁ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ የሚመለስ ደብዳቤ አለ። ሙለር ማለዳ ተነስቶ ልብሱን እንደለበሰ ቀጥታ ወደ ጸሎት ይገባ ነበር። ግን ሐሳቡ ይበተናል። ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ሙሉ ጉልበቱ መሬት ላይ ነው፣ ልቡ ግን እዚያ የለም። (ስልኩን ይዞ የሚነሳ ሰው ይህን በደንብ ይረዳዋል፤ ሙለር ግን ስልክም አልነበረውም።)

በዚያ ዓመት ለጥቂት ሳምንታት ከብሪስቶል ወጣ ብሎ ሳለ አንድ ነገር በራለት። የየቀኑ የመጀመሪያ ሥራው ስንት ልጅ መገበ፣ ስንት ሰው ሰበከ የሚለው እንዳልሆነ ተረዳ። የመጀመሪያ ሥራው ነፍሱ በእግዚአብሔር ደስ መሰኘቷ ነው። አንድ ሰው ድሃን ሊረዳ፣ የታመመ ሊጠይቅ ይችላል፤ ውስጡ ካልተመገበ ግን ያንኑ መልካም ሥራ በተሳሳተ መንፈስ ሊሠራው ይችላል ብሎ ደመደመ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። መጀመሪያ መጽሐፍ ቅዱሱን ይከፍታል፣ ጥቂት ያነባል፣ ለሚሰብከው ስብከት ሳይሆን ለራሱ ነፍስ ምግብ ፍለጋ ያሰላስላል። ካነበበው ውስጥ ምስጋና ይወጣል፣ ንስሐ ይወጣል፣ ልመና ይወጣል። ጸሎት ልጀምር ብሎ ሳይሆን ሳያውቀው ጸሎት ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። ብዙ ጊዜ ይህን የሚያደርገው ሜዳ ላይ ወዲያ ወዲህ እየተራመደ ነበር።

ፈተናው ለመምጣት አልዘገየም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ካዝናው ባዶ ሊሆን ተቃረበ። በየዓመቱ ሕዝብ ተሰብስቦ የማሳደጊያው ሪፖርት የሚነበብበት ጊዜም ደርሷል። ሪፖርቱ ቢነበብ ሰው ችግሩን ሰምቶ እንደሚሰጥ ግልጽ ነው። ሙለርና ባልደረቦቹ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ስብሰባውንም ሪፖርቱንም አራዘሙት! ችግር በጠናበት ሰዓት ሪፖርት ማውጣት በተዘዋዋሪ መለመን ይሆናል ብለው ነው።

ቀጣዮቹ ወራት ከባድ ነበሩ። ለነገ ዳቦ መግዣ የሌለባቸው ማታዎች ነበሩ። ሠራተኞቹ የራሳቸውን ሳንቲም ይጨምራሉ፤ ለውጭ ሰው ግን ትንፍሽ አይሉም። ልጆቹም ምንም አያውቁም፤ እንደ ሙለር ማስታወሻ ምግብ ሳያገኙ የቀሩበት ቀን የለም። ብዙ ተቺዎች የሚታተመው ሪፖርት ራሱ ልመና አይደለም ወይ ይሉ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሪፖርቱ እጅ እንደሚያስዘረጋ ማንም አይክደውም። ግን የሚለምን ሰው በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት አፉን አይዘጋም።

ከዚያ በፊትም፣ በ1838፣ ተመሳሳይ ጭንቅ ውስጥ ሳሉ አንዲት ሴት ገንዘብ ይዛ መጣች። ሴትየዋ ከለንደን አካባቢ ከመጣች አራት አምስት ቀን ሆኗታል፤ ያረፈችውም ከማሳደጊያው አጠገብ ነው። እነሱ ሲጨነቁ በሰነበቱባቸው ቀናት ሁሉ ገንዘቡ ጎረቤት ተቀምጦ ነበር። ሙለር ብቻውን ሲሆን በደስታ ፈነደቀ። እርዳታው ከመጀመሪያውም ቅርብ ነበር፤ የዘገየው እንዲጸልዩ ነው ብሎ አመነ።

በ1845 አንድ ጎረቤት የልጆቹ ጫጫታ እንደረበሸ በትሕትና ደብዳቤ ጻፈ። ሙለር አልተቆጣም፤ ሰውየው እውነቱን ነው አለ። ለቀናት ከጸለየ በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ አሽሊ ዳውን በሚባል ቦታ ለመገንባት ወሰነ። በ1849 የ300 ልጆች ቤት ተከፈተ፤ በ1870 አምስት ትልልቅ ሕንፃዎች ቆመው ከ2,000 በላይ ልጆች መያዝ ይችሉ ነበር። ዕዳ የለም። ለእያንዳንዱ ስጦታ ደረሰኝ ይሰጣል፣ ሒሳቡ በየጊዜው ይታተማል።

ጸሎቱ ግን የትልልቅ ሕንፃ ብቻ አልነበረም። በ1857 ኅዳር መጨረሻ የአንዱን ሕንፃ የሚያሞቀው ቦይለር ማፍሰስ ጀመረ። ለመጠገን እሳቱ መጥፋት አለበት፤ ውጭ ደግሞ የሰሜን ነፋስ እየነፈሰ ነው፣ ልጆቹ በብርድ ሊያልቁ ነው። ሙለር ሁለት ነገር ለመነ፦ ነፋሱ ወደ ደቡብ እንዲዞርና ሠራተኞቹ ልብ እንዲሰጣቸው። ጥገናው በሚጀመርበት ቀን ሞቃት የደቡብ ነፋስ ነፈሰ። ማታ ላይ አለቃቸው ነገ በጠዋት እንዲመለሱ ሊነግራቸው ሲል፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው ሌሊቱን ሙሉ እንሠራለን አሉ።

ሁሉም ጸሎቱ እንደፈለገው አልተመለሰም። ልጁ ኤልያስ ሕፃን ሳለ በ1835 ሞተ። ሜሪ በ1870 አረፈች፤ የቀብር ስብከቱን ያደረገው ራሱ ነው። አንድያ ሴት ልጁ ሊዲያም በ1890 ቀደመችው።

70 ዓመቱ ላይ፣ ሌላው ሰው ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ፣ ሻንጣውን አንስቶ ለ17 ዓመታት ያህል ዓለምን ዞረ፤ 42 አገር። በየሄደበት ከሚያስተምረው ውስጥ በ1841 የተማረው የማለዳ ነገር አለበት።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1898 ማታ እንደወትሮው ማሳደጊያው ውስጥ የጸሎት ፕሮግራም መራ። በማግስቱ ጠዋት ሻይ የሚያመጣለት ሰው በሩን ቢያንኳኳ መልስ የለም። ገብቶ ሲያይ አልጋው አጠገብ ወለል ላይ አረፎ አገኘው፤ 92 ዓመቱ ነበር። በቀብሩ ቀን ብሪስቶል ሥራ ቆመ፣ ሱቆች ተዘጉ፣ ልጆቹ በሰልፍ ሸኙት። በሕይወቱ ዘመን በእጁ ያለፈው ገንዘብ 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው። ሲሞት በስሙ የተገኘው ንብረት፣ መጽሐፉና የቤት ዕቃው ተደምሮ፣ ወደ 160 ፓውንድ ነበር።